በመስኮት የገባ ደም

ውኃልክ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። የሴራሚኩ መስመር ከግድግዳው ጋር ተስማምቶ መሄዱን ካላረጋገጠ፣ ወንበር ቢስቡለት እንኳ ተረጋግቶ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄዶ፣ ከሕመምተኛው አልጋ ሥር ተንበርክኮ አንዷን ንጣፍ በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርግ ተገኘ። «ይቺ ከሥሯ ባዶ ናት፤ ሲሚንቶ አልጠጣችም» አለ። ሕመምተኛው ከት ብሎ ሳቀ። የውኃልክ ሚስት ግን እቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ አላናገረችውም። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ከእጁ ከማይለየው፣ መሐሉ አረፋ ከምትዋልልበት ከዚያ መሣሪያ ወስደው። እናቱ ያወጣችለት ስም የሚታወሰው የሆስፒታል ካርድ ሲያወጣ ብቻ ነው።

ሥራው ወለል ማንጠፍ ነው። ጠዋት የጎማ መከለያውን ጉልበቱ ላይ አስሮ ይንበረከካል፤ ለምሳ ይነሣል፤ ተመልሶ ይንበረከካል። ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ንጣፏን በጎማ መዶሻ ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ውኃ ልኩን አጋድሞ አረፋዋን ሲያይ ላየው ሰው ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ የግድግዳ ሰው ነው። የመታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት ግድግዳ ብቻ ያለብሳል፤ ቆሞ ይሠራል፤ ቆሞ ይጨርሳል። ለውኃልክ ይህ ሥራ አይባልም። «ግድግዳማ ማንም ይለጥፋል፤ ማን ሊረግጠው!» ይላል። አማቹንም «ግድግዳው» እያለ ነው የሚጠራው። ግድግዳው በበኩሉ «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ተንበርክከህ ምን ተሰጠህ?» ብሎ ይመልስለታል። ለማያውቃቸው ጠበኞች ይመስላሉ፤ ግን አንዱ የሌለበትን ሥራ ሌላው አይዝም።

የወለል ሰው አንድ ሕግ አለው። ሥራ የሚጀመረው ከበሩ ከሚርቀው ጥግ ነው፤ እያነጠፉ፣ እያፈገፈጉ፣ በመጨረሻ በበሩ መውጣት ነው። ከበሩ የጀመረ ሰው ዕጣው ጥግ ላይ መታሰር ነው፤ አዲስ ወለል ሳይደርቅ አይረገጥምና። ውኃልክ ይህን ሕግ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሶታል። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሲባጎውን ወጥሮ ሊጀምር ሲል፣ ለግድግዳው ምሳ ያመጣች እኅቱ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ በልቶ ዕቃውን እስኪመልስላት መጠበቋ ነው። ያን ጊዜ ለውኃልክ ሥራው ሁሉ ድንገት በሩ አጠገብ የሚጀመር ሆነ። የመጀመሪያዋን ንጣፍ እግሯ ሥር አነጠፈ። ሁለተኛዋን እያጫወታት፣ ሌሎቹን እያሳቃት አነጠፈ። ፊቱ ወደ እሷ፣ ጀርባው ወደ ውስጥ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የባነነው ጀርባው የመጨረሻውን ግድግዳ ሲነካ ነው። ከበሩ እስከ እሱ ድረስ ያልደረቀ ወለል ተንጣሎ ነበር።

ግድግዳው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ቤቱን በውጭ ዞረች፤ መስኮቱን ከፈተችና እጇን ዘረጋችለት። «በሩን አንተው አበላሸኸው፤ በዚህ ውጣ» አለችው። ያንን እጅ ከያዘ ወዲህ አልለቀቀውም።

ሕመሙ የጀመረው አልጋ ውስጥ ነው። የቀኝ እግሩ ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ብርድ ልብሱን እንደ ገለጠች «ወደዚያ! በረዶህን ወደዚያ!» ትላለች። ወፍራም ካልሲ ሠራችለት፤ አልሆነም። ኋላ ከእግርጌ መሐል ለመሐል ትራስ ጋደም አድርጋ ድንበር አበጀችና እግሩን በግዞት አስቀመጠችው። ሁለቱም ነገሩን ለረጅም ጊዜ በቀልድ ያዙት። ቀልዱ ያበቃው ባቱ መያዝ ሲጀምር ነው። ከቤት ሱቅ ድረስ ሳይሄድ እግሩ ጭምድድ ይላል፤ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ሰው የሚጠብቅ መስሎ ይቆማል። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ሲሉት «እግሬን» ይላል።

ሐኪም ሲያየው፣ በጉልበቱ ጀርባ በቋንጃው የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ተደፍኖ ተገኘ። የሲጋራህ ሥራ ነው ተባለ። ሲጋራውን እዚያው የሆስፒታሉ በር ላይ ጥሎት ገባ፤ ተመልሶም አላነሣው። ቀዶ ሐኪሙ እግሩን በውስጥ በኩል፣ ከጉልበቱ በላይና በታች ከፍቶ፣ ከዚያው እግር ደም መልስ ወስዶ በተደፈነው ላይ ማለፊያ ቀጠለለት። ውኃልክም ጥቂት ወራት እንደ ልቡ ሄደ። ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ። ሲድን ሲያገረሽ፣ ሲድን ሲያገረሽ ቆይቶ የተቀጠለው ተዘጋ። በጉልበቱ ውስጥ ጎን የቀረው የተጨማደደ ስስ ጠባሳ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችና አልድን አለች።

ያው ሐኪም ሐቀኛ ሰው ነበር። «በውስጥ በኩል ተመልሼ ብገባ ጠባሳው አያሳልፈኝም፤ ቢያሳልፈኝም ኢንፌክሽኑን እቀሰቅሰዋለሁ» አለ። «እንዲህ ከቀጠለ ከጉልበት በታች መቁረጥ ግድ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትይዎት። እሷ የምትገባበት መንገድ ከእኔ ይለያል።»

ባልደረባዋ አጠር ያለች፣ ስትናገር እጇ አብሮ የሚናገር ሴት ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ የደም ፍሰት በሚያሰማው መሣሪያ እግሩን ከብሽሽቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አዳመጠችው። ሚስቱ ትንፋሿን ይዛ ሐኪሟን ታያለች።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ደም ቅዳ የሚያስገቡት መንገዶች ሦስት ናቸው» አለች ሐኪሟ። «አንደኛው በውስጥ በኩል ነው። ሁላችንም የለመድነው እሱን ነው፤ የእርስዎ ግን ተበላሽቷል። ሁለተኛው በጀርባ ነው፤ በሆድዎ አስተኝቼ በቋንጃው መግባት። እሱም ደግ መንገድ ነው፤ ግን ለአጭር መዘጋት ነው የሚሆነው፤ የእርስዎ ረጅም ነው። ሦስተኛው በውጭ ጎን ነው።» ጣቷን ከጉልበቱ ከፍ አድርጋ ጭኑ ጎን ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ በጡንቻዎቹ መሐል ገብቼ ደም ቅዳውን ከመዘጋቱ በላይ እይዘዋለሁ። ከጉልበት በታች ካሉት ቅርንጫፎች ደግሞ አንዱ፣ በፊት በኩል የሚወርደው፣ ክፍት ነው። እሱን በቅልጥምዎ ውጭ በኩል አገኘዋለሁ። ከግራ እግርዎ ደም መልስ አወጣና ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ በውጭ ጎን ከቆዳ ሥር አሳልፈዋለሁ። ጠባሳውን አልነካውም።»

«በመስኮት ነዋ!» አለች ሚስት።

«እንዴት?»

«በሩ ሲበላሽ በመስኮት ነው የምትገቢው ማለቴ ነው፣ ዶክተር!» አለችና ባሏን አየችው። እሱም አያት። ሁለቱም ፍርፍር ብለው ሳቁ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ቆየች፤ ታሪኩን ሲነግሯት እሷም የባሰች ሳቂታ ሆና ተገኘች። ስትጨርስ ግን መነጽሯን አወለቀች።

«አልዋሽዎትም። ከተሳካ እግሩ ይተርፋል፤ ካልተሳካ መቁረጡ አይቀርም። ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ደም ሥር ከቆዳ ሥር ስለሚያልፍ ተረከዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ መዋል ያጥፈዋል። ተንበርክኮ መሥራት አበቃ።»

የውኃልክ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ወለል ላልሠራበት ምን ላደርገው ነው የማተርፈው?»

«እኔ ጋ ልትመጣበት ነዋ!» ብላ ሚስቱ ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ግን ማንንም አላየችም፤ እንባዋ ወርዶ ነበር። ውኃልክ እንደዚያ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። ጎንበስ ብሎ «እሺ፣ በውጭ ጎን ይሁን» አለ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ሐኪሟ በመሣሪያዋ እያዳመጠች፣ የደም ሥሩን በምስል በሚያሳየው ማሽን እያየች፣ በጥቁር እስክሪብቶ እግሮቹን ነደፈቻቸው። በቀኙ ላይ የሚከፈትባቸውን ቦታዎች፣ በግራው ላይ ደግሞ ደም መልሱ የሚሄድበትን መስመር። መስመሩ ጉልበቱ ዘንድ ሲደርስ ጠመም ይላል፤ ባቱ ላይ ይዞራል፤ እንደገና ይመለሳል። «በዚህ ሳሙና ገላዎን ይታጠቡ፤ ምልክቶቹን ግን እንዳይነኳቸው» ብላ ሄደች። ይህን የሰማው ውኃልክ ብቻ ነው፤ ሚስቱ የምሳ ዕቃ ልታለቀልቅ ወጥታ ነበር።

ሚስቱ እንግዲህ ዕድሜዋን ከባሏ ቆዳ ላይ ሲሚንቶ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ናት። በእሷ ቤት ማጠብ ማለት መፈግፈግ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ራሱን በሳሙና አረፋ ሸፈነችው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የመታጠቢያ ክፍሉን ወለል ያማል፤ ውኃው ወደ ማስወገጃው ሳይሆን ወደ በሩ እንደሚሄድ፣ ይህን የሠራ ሰው እንደሚጠየቅበት ያወራል። እሷ ከታች ትሠራለች። አረፋውን ታጥቦ ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት እግሮቹ እንደተወለዱ ነጽተዋል።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!»

«ምን አደረግኩ?»

«መስመሩስ? ሐኪሟ ያሰመረችው!»

«እኔማ ቆሻሻ መስሎኝ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ያ ደፋር ፊቷ አመድ መሰለ።

ነርሷን መጥራት ነበረባቸው። ሚስትም ልጥራት ብላ ተነሥታ ነበር። ውኃልክ ግን ሚስቱን ሰው ፊት ማሳጣት አልፈለገም። ደግሞም በሆዱ ኩራት ነበረበት። «ተይው፤ ያው መስመር ነው። መስመር ደግሞ የኔ ሥራ ነው» አለ። ሊጠይቀው የመጣውና የፊተኛውን መስመር ከመታጠቡ በፊት ያየው ግድግዳው እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ የማዕዘን መለኪያውን ትንሽ ስኳድራና እርሳስ ይዞ ነበር። እስክሪብቶ ከአጠገቡ አልጋ ተዋሱ። ከዚያ ሁለት የሴራሚክ ሰዎች በአንድ ሰው እግር ላይ ተደፍተው ተከራከሩ።

«ከዚህ ነው የጀመረው።»

«አይደለም፣ ከዚህ ነው። እግሩ የማን ነው?»

ጠመም ያለችውንና የዞረችውን ቦታ ግን ሁለቱም አልወደዷትም። ሐኪሟ እየሮጠች ስለሠራች እጇ ስቶ ነው ብለው ተስማሙና አቀኗት። ሥራው ሲያልቅ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት በሲባጎ የተወጠረ የሚመስል መስመር ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ንጹሕ ማዕዘን ይዞ ይታጠፋል። ግድግዳው ራቅ ብሎ አየውና ረካ። «ከፊተኛው ይሻላል» አለ።

በነጋታው ሐኪሟ ከቀዶ ክፍሉ ደጃፍ፣ ተሽከርካሪው አልጋ አጠገብ ቆማ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ጎንበስ ብላ እንደገና አየች።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ውኃልክ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለች ሚስቱ በዚያው ቅጽበት።

ግድግዳው ስኳድራውን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሐኪሟ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወደው አይስቁ ነበር፤ ስትጨርስ ፊቷ ሌላ ሆነ። «ጋሼ፣ መስመርዎ በጣም ያምራል። ደም ሥር ግን እንዲህ አይሄድም። በዚህ ላይ ብቆርጥ ደም መልሱን አጥቼው ደኅናውን እግር ያለ ጥቅም ስከፍተው እውል ነበር። ቁስሉ ደግሞ በምን ይድናል?» አለች። ምስል የሚያሳየው ማሽን ያን ጊዜ ለሌላ በሽተኛ ሄዷል። ተራውም ለሌላ ተሰጠ። ጊዜ ከተረፈ ዛሬ፣ ካልተረፈ ለሚቀጥለው ሳምንት ተባለ። የጣቱ ቁስል ግን ጠርዟ መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ ሳምንት የምትጠብቅ አትመስልም።

ውኃልክ እዚያው አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። ስለ ጣሪያው አንድም ነገር አልተናገረም፤ ሚስቱ በጣም የፈራችው ያኔ ነው። ኮርኒሱ አንድ በኩል ዘመም ማለቱን እሷ እንኳ አይታዋለች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ማሽኑን ራሷ እየገፋች መጣች። ሁለቱ ያሰመሩትን ቀጥ ያለ መስመር በአልኮል አጠፋችና በግራው እግር እንደ ፊተኛው ጠመም፣ ዞር፣ መለስ አድርጋ፣ በቀኙም የሚከፈቱትን ቦታዎች ነደፈች። ሚስት እንዳትነካው ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ነበር። ከዚያ አልጋው ወደ ውስጥ ተገፋ።

ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚስት የገዛ እጆቿን አገላብጣ ታያለች። «በነዚህ እጆቼ እግሩን ላስቆርጠው?» አለች። ግድግዳው ቀልድ ፈለገ፤ ቀልድ አጣ። እጇን ያዘና «ያኔ መስኮቱን ባትከፍቺለት እዚያው ጥግ ላይ ደርቆ ይቀር ነበር» አላት። እሷ ትከሻው ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ ትንሽም ሳቀች። ኮሪደሩን የሚያጸዳው ሰው እግራቸውን እንዲያነሡ ለመናቸው፤ አነሡ፤ አለፈ፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና አነሡ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭምብሏ አገጯ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ደክሟታል። ሚስትን በክንዷ ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደቻት። ውኃልክ በማደንዘዣው እንደ ሰከረ ነው፤ ዓይኑ ይከፈታል፣ ይከደናል። ሐኪሟ ያቺን ማዳመጫ እግሩ ላይ፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ አሳረፈቻት። ክፍሉ ውስጥ ሿ… ሿ… ሿ… የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውኃ ባልነበረበት ቧንቧ ውኃ ሲመጣ እንደሚሰማው ዓይነት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሚስት በሹክሹክታ።

«የእሱ ደም ነው። በመስኮት ገብቶ።»

ሚስት እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደደች። ያቺን ዘመን ሙሉ የሸሸቻትን እግር በመዳፏ ያዘች።

«ይሞቃል!» አለች። ከዚያ ክፍሉን ሁሉ አስደንግጣ ጮኸች። «አንተ፣ ይሞቃል እኮ! እግርህ ይሞቃል!»

ውኃልክ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ኮርኒሱ ዘሟል» አለ፤ ተመልሶም ተኛ።

የጣቱ ቁስል ቀስ በቀስ ጠጋ። ሐኪሟ እንዳለችው መንበርከክ አበቃ። የጎማ መከለያዎቹን ለብዙ ጊዜ በር ጀርባ ሰቅሏቸው ያይ ነበር። አንድ ቀን አንሥቶ፣ አጥቦ ለግድግዳው ሰጠው። ግድግዳው ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አሰራቸው። «በል እንግዲህ ቁም» አለው። የመጀመሪያውን መታጠቢያ ቤት አብረው ሲሠሩ ግድግዳው ከታች ወለል ያነጥፋል፣ ውኃልክ ከላይ ግድግዳ ያለብሳል። ንጣፉ ቁልቁል ይንሸራተትበታል፤ ይይዛል፤ ያስተካክላል፤ ይሳደባል። ወለል ላይ ንጣፍ ቢያንስ የትም አይሄድም። ሲመሽ ግን አራቱ ግድግዳዎች አንድ ላይ የተወለዱ መስለው ነበር። የግድግዳ ሥራ ሥራ ነው ብሎ በአፉ አልተናገረም፤ እስከ ዛሬም አይናገርም። ይሁንና ሰው ቤት ሲገባ አሁን ዓይኑ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ወለሉን የሚያየው ቀጥሎ ነው።

አንድ የዝናብ እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ነበር። ሚስቱ ከውጭ ልብስ ስትሰበስብ ዝናብ አገኛት። ገባች፤ እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች። ያ የድንበር ትራስ ከጠፋ ቆይቷል፤ መቼ እንደተነሣ ሁለቱም አያስታውሱም። ሁለት እግሮቿን እንደ በረዶ እንደ ቀዘቀዙ በቀኝ እግሩ ላይ ለጠፈቻቸው።

ውኃልክ ጥርሱ ተገጣጠመ። «ወደ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ዞር ብሎ ቢያያት ተኝታለች። ጎኑን መለወጥ ፈልጎ ነበር፤ የተሰፋበት ጎን ሲዘንብ ይጠዘጥዘዋል። እግሯ እስኪሞቅ ድረስ አልተነቃነቀም።